በእጅ ስልክ እጅግ አጭር ግጥማዊ ፊልም መሥራት፦ ከሐሳብ እስከ መጨረሻው ፋይል

ግጥማዊ አጭር ፊልም ስንል ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ የሚዘልቅ፣ ታሪክን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከመተረክ ይልቅ በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ነገር ወይም በአንድ ስሜት ላይ ቆይቶ የሚያይ ሥራ ማለታችን ነው። የፊልም ሠሪዋ ማያ ዴረን እ.ኤ.አ. በ1953 በኒው ዮርክ ስለ ግጥምና ፊልም በተካሄደ የውይይት መድረክ ላይ ልዩነቱን በአቅጣጫ አስረድታው ነበር፤ ድራማ ከአንድ ድርጊት ወደ ሌላው ወደ ጎን ሲጓዝ፣ ግጥም ግን በአንድ ሁኔታ ላይ ቆሞ ወደ ጥልቀቱ ይወርዳል። ይህ አገላለጽ ለጀማሪ እጅግ ጠቃሚ ነው። በቀረጻ መካከል «ቀጥሎ ምን ይምጣ?» የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር፣ በምትኩ «እዚሁ ያላየሁት ምን ቀረ?» ብሎ መጠየቅን ያስለምዳልና። የሚከተሉት ደረጃዎች በሙሉ ከዚህ ሁለተኛ ጥያቄ የሚነሡ ናቸው።

ለሥራው የሚያስፈልገው ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ፣ ስልኩን አንድ ቦታ አቁሞ የሚይዝ ነገር፣ ድምፅን አጥርቶ ለመስማት የሚያገለግል ኢርፎንና ወረቀት ከእርሳስ ጋር ብቻ ነው።

1. ሐሳቡን በዓይንና በጆሮ ወደሚያዝ ነገር ማውረድ

በዚህ ርዝመት የሚሠሩ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚደክሙት በመሣሪያ እጥረት ሳይሆን በሐሳብ ብዛት ነው። ናፍቆት፣ ጊዜ፣ ብቸኝነትና ተስፋ የመሳሰሉት ትልልቅ ጉዳዮች ለካሜራ አይታዩትም፤ ካሜራ የሚያየው ጫማን፣ መጋረጃን፣ እጅን፣ በግድግዳ ላይ የሚሄድ ብርሃንን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በወረቀት ላይ የሚሠራ ነው። የተሰማዎትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ከዚያም ያንኑ ሐሳብ በዓይን የማይታይ ወይም በጆሮ የማይሰማ አንድም ነገር ሳያስገቡ እንደገና ይጻፉት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አባቴ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ጎድሎብኛል» የሚል ቢሆን፣ ሁለተኛው «በበሩ ሥር ጥንድ ጫማ ተቀምጧል፤ ከውጭ የእግር ኮቴ ይቀርባል፣ ሳይቆም ያልፋል» ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ውስጥ አባትም፣ ሐዘንም አልተጠሩም፤ ነገር ግን ተመልካቹ ራሱ እንዲደርስባቸው ተትተውለታል። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ማብራሪያዎች ይህንኑ የጫማ ፊልም እንደ ምሳሌ ይዘው ይቀጥላሉ።

ሐሳቡ ከተገኘ በኋላ ለራስ ገደብ ማበጀት ሥራውን ያጠነክረዋል። ፊልሙ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ብርሃን ውስጥ ይለቅ ብሎ መወሰን ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው፤ ብርሃኑ፣ ቀለሙና የቦታው ድምፅ አንድ ስለሚሆኑ ሾቶቹ (ካሜራው ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ የሚይዛቸው ነጠላ ምስሎች) ያለ ብዙ ድካም ይዋሃዳሉ።

2. የሾቶችን ዝርዝር ማዘጋጀት

ለአንድ ደቂቃ ፊልም ከ5 እስከ 8 ሾት በቂ ነው፤ ከዚያ ሲበዛ ዓይን ምስሉን ሳይጠግብ ይቆረጥበታል። የጫማው ፊልም የሚከተለውን መልክ ሊይዝ ይችላል። በመጀመሪያ ጫማዎቹ በበሩ ሥር፣ ማሰሪያቸው እንደተፈታ፣ ራቅ ካለ ቦታ ለ12 ሰከንድ ይታያሉ። ቀጥሎ በአንደኛው ጫማ ጫፍ ላይ ያለው የቆዳ እጥፋት ስክሪኑን ሞልቶ ለ6 ሰከንድ ይቆያል። ሦስተኛው በበሩና በወለሉ መካከል ባለው ክፍተት የሚያልፍ ጥላ ሲሆን 5 ሰከንድ ይወስዳል። አራተኛው በብርድ ልብስ ላይ ያረፈ የአንዲት አረጋዊት እጅ ነው፤ ቆዳዋ ተሸብሽቧል፣ ለ8 ሰከንድ ያህልም አይንቀሳቀስም። አምስተኛው በመስኮት በገባ ብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፍ አቧራ ለ7 ሰከንድ ነው። በመጨረሻም ካሜራው ወደ መጀመሪያው ቦታና ወደ መጀመሪያው ከፍታ ተመልሶ ጫማዎቹን ለ15 ሰከንድ ያሳያል። የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ማሰሪያዎቹ ታስረዋል። ድምሩ 53 ሰከንድ ይሆናል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሾቶቹን የሚያያይዛቸው ድርጊት ሳይሆን ቤት መምታታቸው ነው። የጫማው እጥፋትና የእጁ ሽብሽብ በመልክ ይገጥማሉ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሾት ደግሞ በአቀማመጥ ይገጥማሉ። ምስሎች በቅርጽ፣ በቀለም፣ በብርሃን አቅጣጫ ወይም በእንቅስቃሴ ፍጥነት ቤት ሊመቱ ይችላሉ። ጥንቃቄ የሚፈልገው የሚገጥሙትን ምስሎች በቀጥታ ጎን ለጎን ማድረግ ነው፤ «ተመልከቱ፣ ይመሳሰላሉ» የሚል ጩኸት ይሆናልና። በምሳሌው ውስጥ በጫማው ቆዳና በእጁ መካከል ጥላው የገባው ለዚህ ነው። ተመልካቹ መመሳሰሉን ትንሽ ዘግይቶ ሲያስተውለው የራሱ ግኝት ይሆንለታል። ማሰሪያውን ማን እንዳሰረም ፊልሙ አይናገርም፤ የእጁ ሾት ግን ያንን ጥያቄ ይዞ ይቀራል።

3. ስልኩን ለቀረጻ ማሰናዳት

ሌንሱን በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። የጣት ቅባት ያረፈበት ሌንስ ብርሃን በገጠመው ቁጥር ምስሉን ጭጋግ ያለብሰዋል፤ ይህንንም በኋላ ማስተካከል አይቻልም። ጥሪና መልእክት ቀረጻውን እንዳያቋርጡ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት። በቂ የማከማቻ ቦታ መኖሩንም ያረጋግጡ፤ መጠኑ እንደ ስልኩ ቢለያይም፣ ለምሳሌ በአይፎን በቆጣቢው የፋይል ዓይነት 1080 ጥራት በሰከንድ 30 ፍሬም (ቪዲዮውን የሚሠሩት ነጠላ ፎቶዎች) ሲቀረጽ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ፣ 4ኬ በዚሁ ፍጥነት ሲቀረጽ ደግሞ 170 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ለመጀመሪያ ፊልም 1080 ጥራት ፈጽሞ አያንስም።

ቀጥሎ የሚመጣው የፍሬም ፍጥነት ነው። ሲኒማ ድምፅ ካገኘበት ዘመን ጀምሮ የተለመደው በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን፣ ስልክዎ 24 ወይም 25 የሚሰጥ ከሆነ ያንን ይምረጡ፤ ካልሆነም 30 ጥሩ ነው። 60 ፍሬም እንቅስቃሴን ከልክ በላይ አልስልሶ የስፖርት ስርጭት ያስመስለዋል። የመረጡትን ፍጥነት በሁሉም ሾቶች ላይ ሳይቀይሩ ይጠቀሙበት።

በስልክ የተቀረጸን ፊልም ወዲያውኑ የሚያሳብቅበት ግን ጥራቱ ሳይሆን ስልኩ በራሱ ፈቃድ የሚያደርገው ማስተካከል ነው። ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ ፎከሱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የግድግዳው ቀለም በመሀል ወደ ቢጫ ይሄዳል። ረጅምና ጸጥ ያለ ሾት ላይ ይህ ሁሉ ስሜቱን ይገድለዋል። መፍትሔው መቆለፍ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ በስክሪኑ ላይ የሚፈልጉትን ቦታ በጣት ተጭነው ጥቂት ሲቆዩ ፎከሱና ብርሃን አወሳሰዱ ይቆለፋሉ፤ ከዚያም ጣትዎን ወደ ታች ሸርተት በማድረግ ምስሉን በመጠኑ ያጨልሙት። ከልክ በላይ የነጣ ቦታ በኤዲቲንግ (በኋላ በማቀናበር) አይመለስም፤ በመጠኑ የጨለመ ግን ይመለሳል። የቀለም ሚዛኑንም ለመቆለፍ እንደ ብላክማጂክ ካሜራ ወይም በአንድሮይድ ላይ እንደ ኦፕን ካሜራ ያሉ ነፃ መተግበሪያዎችን መጠቀም ይቻላል። በእነዚህ ውስጥ የሻተሩን ፍጥነትም፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ መወሰን ይቻላል፤ ደንቡ የፍሬሙ ፍጥነት እጥፍ መሆኑ ነው፤ ለ25 ፍሬም የሰከንድ 1/50። በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ሲቀርጹ ይህ ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው። የኤሌክትሪኩ ሞገድ 50 ኸርዝ በሆነባቸው አገሮች 1/50 ወይም 1/100፣ 60 ኸርዝ በሆነባቸው ደግሞ 1/60 ወይም 1/120 መጠቀም የመብራት መርገብገብን ያስቀራል።

ስልኩን በቁም ወይስ በአግድም መያዝ እንደሚሻል አስቀድመው ይወስኑ። ቁም ፍሬም (እዚህ ላይ የምስሉ ክፈፍ ማለት ነው) ለሰው ቁመት፣ ለበር፣ ለሚወርድ ውኃ ይስማማል፤ አግድም ፍሬም ለአድማስ፣ ለወለል፣ በነገሮች መካከል ላለ ባዶ ቦታ ይስማማል። ሁለቱን በአንድ አጭር ፊልም ውስጥ ማደባለቅ አይመከርም።

4. ብርሃንን መምረጥ

ተጨማሪ መብራት ከመፈለግ በፊት ያሉትን መብራቶች ማጥፋት ይቀድማል። በአንድ ክፍል ውስጥ የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ሲገናኙ ሁለት ዓይነት ቀለም ይፈጠራል፤ የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የድሮው ዓይነት አምፖል ደግሞ ወደ ብርቱካናማ ያደላሉ። አምፖሉ ሲጠፋ ክፍሉ ወዲያውኑ አንድ አቅጣጫ ያለው ጥላ ያገኛል፤ ነገሮችም ክብደትና ቅርጽ ይኖራቸዋል።

የብርሃኑ አቅጣጫ የሚመረጠው ማሳየት በተፈለገው ነገር ነው። የጫማው እጥፋት ቁልጭ ብሎ እንዲታይ ብርሃኑ ከጎን፣ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ብሎ ቆዳውን ጠርጎ ማለፍ አለበት፤ ከፊት ለፊት የመጣ እንደሆነ እጥፋቱ ይጠፋል። አቧራው ደግሞ በተቃራኒው ብርሃኑ ከኋላው ወደ ካሜራው ሲመጣና ከበስተጀርባው ጨለማ ሲኖር ብቻ ይታያል። ስለዚህ ካሜራውን በሰያፍ ወደ መስኮቱ አቅጣጫ ያዙሩት፤ ጨለም ያለ ግድግዳ ወይም ጥቁር ጨርቅ ከጨረሩ ጀርባ እንዲውል ያድርጉ፤ የብርሃኑን መጠንም በአቧራው ላይ ሳይሆን በጨለማው ላይ ወስነው ከዚያ አጨልመው ይቆልፉት። ብርድ ልብስ አንድ ጊዜ ማራገፍ አቧራውን ለጥቂት ደቂቃ ያነሣዋል።

ከቤት ውጭ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላና ማታ ከመግባቷ በፊት ያለው ሰዓት ተመራጭ ነው። በቀትር መቅረጽ ግድ ከሆነ ጥላ ውስጥ ይግቡ።

5. መቅረጽ

ስልኩ እንዳይነቃነቅ ትራይፖድ ከሌለ በመጻሕፍት መካከል ማቆም፣ በከረጢት ውስጥ በተሞላ አሸዋ ላይ ማስደገፍ ወይም በግድግዳ ላይ መጫን ይቻላል። በእጅ መያዝ የሚገባው የሰው መገኘት በምስሉ ውስጥ እንዲሰማ ሲፈለግ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱን ክርኖች ከጎን አጣብቀው፣ ትንፋሽዎን በቀስታ እያወጡ ይቅረጹ። በበሩ ሥር ያለውን ጥላ ለመቅረጽ ስልኩን ገልብጦ ሌንሱ በታች በኩል እንዲሆን ማድረግ ይረዳል፤ እንዲህ ሲደረግ ካሜራው ወለሉን ሊነካ ይደርሳል፣ ተራው ወለልም ሰፊ ሜዳ ይሆናል። ምስሉ ተገልብጦ ከመጣ በኤዲቲንግ ማዞር ቀላል ነው።

ወደ አንድ ነገር መቅረብ ሲያስፈልግ በጣት እየጎተቱ ማጉላት ጥራቱን ይቀንሳል፤ በእግር መቅረብ ይሻላል። ይሁን እንጂ የብዙ ስልኮች ዋና ሌንስ ከ10 ሴንቲሜትር በታች ሲጠጉት ፎከስ አይዝም። በዚህን ጊዜ ጥቂት ወደኋላ ብለው፣ ስልክዎ የርቀት ሌንስ ካለው በእርሱ ይጠቀሙ።

የሾት ርዝመት ላይ ደግሞ ከሁሉ በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። በዝርዝሩ ላይ 12 ሰከንድ የተባለውን ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቅረጹት። ጀማሪ ቀራጭ ካሜራውን የሚያጠፋው እርሱ ማየት ሲጨርስ ነው፤ ተመልካቹ ግን ገና መጀመሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ውስጥ ነገሩ ምን እንደሆነ ይለያል፤ ከዚያ ያስተውላል፤ ስሜት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካሜራው በቆመበት ሁኔታ በረጅሙ ሲቀረጽ ያልታሰቡ ነገሮችም ይገባሉ፤ መጋረጃ ያነሣ ነፋስ፣ በግድግዳው ላይ ያለፈ የወፍ ጥላ፣ ደመና የቀነሰው ብርሃን። እነዚህ በእቅድ የማይገኙ ስጦታዎች ናቸው፤ ቀድሞ ላጠፋ ሰው ግን አይደርሱትም።

ይህን ትዕግሥት ለማሠልጠን የሲኒማን አጀማመር መከተል ይጠቅማል። የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 በፓሪስ ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው 17 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ፊልም ላይ የተቀረጹ፣ 50 ሰከንድ አካባቢ የሚዘልቁ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ካሜራው አንድ ቦታ ቆሞ ያያቸው ነጠላ ሾቶች ናቸው። ዋናውን ቀረጻ ከመጀመርዎ በፊት በዚሁ ደንብ፣ ስልኩን ሳያንቀሳቅሱና ሳያቋርጡ፣ ለ50 ሰከንድ አንድ ነገር ይቅረጹ። ከዚያም ምን ላይ ቢያቆሙት የጀመረውን ነገር የሚጨርስ ይመስል እንደነበር ይመርምሩ። ካሜራ የት ቢቆም ጉዳዩ ራሱ ወደ ፍሬሙ እንደሚመጣ ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር ልምምድ አላውቅም።

ካሜራው እንዲንቀሳቀስ ከተፈለገ በጠቅላላው ፊልም አንድ ጊዜ ብቻ ይንቀሳቀስ፤ ያኔ እንቅስቃሴው ራሱ ትርጉም ይኖረዋል። በሰከንድ 120 ወይም 240 ፍሬም የሚቀረጸው ስሎው ሞሽንም እንዲሁ ነው። ብዙ ብርሃን ይጠይቃል፤ በአምፖል ሥርም ይርገበገባል። ከዚህም በላይ ማንኛውንም ነገር በቀላሉ «የሚያምር» ስለሚያደርግ፣ ምስሉ በራሱ ጠንካራ መሆኑን እንዳናጣራ ያዘናጋናል።

6. ድምፅን ለብቻው መሰብሰብ

ድምፅ የፊልሙ ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ በግጥማዊ ፊልም ውስጥ እንዲያውም ከግማሽ ይበልጣል፤ በፍሬሙ ውስጥ ያልገባውን ዓለም ሁሉ የሚያመጣው እርሱ ነው። በጫማው ፊልም ውስጥ የሚመጣውና የሚያልፈው ሰው አይታይም፤ ያለው በኮቴው ብቻ ነው።

ምስል ሲቀረጽ አብሮ የሚገባው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከሩቅ የተሰማና የተደባለቀ ነው። ስለዚህ ምስሉ ካለቀ በኋላ የስልኩን የድምፅ መቅጃ ከፍተው ድምፆቹን አንድ በአንድ ይቅዱ። ስልኩን ከድምፁ ምንጭ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ድረስ ያስጠጉ፤ ማሰሪያ ሲሳብ ያለውን ትንሽ ፍትጊያ፣ የብርድ ልብሱን መንኮሻኮሽ፣ የበሩን ማጠፊያ ለየብቻ ይያዙ። ኮቴውን ለመቅዳት ስልኩን ከበሩ ውስጥ በኩል ያስቀምጡና አንድ ሰው ከሩቅ ጀምሮ በውጭ በኩል እንዲያልፍ ያድርጉ፤ በበሩ ውስጥ አልፎ የሚመጣው የታፈነ ድምፅ ከጎኑ ሆነው ከሚቀዱት ይልቅ እውነተኛ ነው። ከዚያም ማንም ሳይንቀሳቀስና ሳይናገር የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለ1 ደቂቃ ይቅዱ። ይህ ድምፅ በሁሉም ሾቶች ሥር ሲነጠፍ በመቁረጫዎቹ ላይ የሚሰማውን መቆራረጥ ይሸፍናል። ከቤት ውጭ ነፋስ ካለ ማይክራፎኑን በስስ ስፖንጅ ወይም በጨርቅ ይሸፍኑት።

7. ማቀናበር

በካፕከት፣ በአይሙቪ፣ በኪንማስተር ወይም በኮምፒውተር ላይ በነፃው የዳቪንቺ ሪዞልቭ ማቀናበር ይቻላል፤ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መቁረጥ፣ ድምፅ መደርደርና ብርሃን ማስተካከል የሚችል መሣሪያ ሁሉ ይበቃል። ያሉትን ማሸጋገሪያዎች፣ ተለጣፊ ምስሎችና ፊልተሮች አይንኳቸው።

መጀመሪያ ሾቶቹን ያለ ድምፅ ይደርድሩና ይመልከቱ። ሩሲያዊው የፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ባደረገው ሙከራ የአንድ ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት ከተለያዩ ምስሎች ጋር ሲገጣጠም፣ ተመልካቾች በፊቱ ላይ የተለያየ ስሜት እንዳነበቡ ይነገራል። ይህ ማለት የአንድ ሾት ትርጉም በጎረቤቱ ይወሰናል ማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቢያንስ በሦስት መንገድ ቀያይረው ይሞክሩ፤ የእጁ ሾት ሁለተኛ ቢመጣ ፊልሙ ስለ አሮጊቷ ይሆናል፣ አራተኛ ሲሆን ግን ሳይመለስ ስለ ቀረው ሰው ይሆናል።

ከዚያ ወደ ርዝመቱ ይሂዱ። በ25 ፍሬም ፍጥነት 5 ፍሬም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው፤ በዚህች ታህል ማሳጠርና ማስረዘም ብቻ የፊልሙ ትንፋሽ ይለወጣል። ሁሉንም ሾቶች እኩል ማድረግ ደግሞ እንደ ግድግዳ ሰዓት ምት ያሰለቻል። ረጅም፣ አጭር፣ አጭር፣ በጣም ረጅም እያሉ ይፈትኑት።

ድምፁን ሲጨምሩ ከምስሉ ጋር አብሮ እንዳይቆረጥ ያድርጉ። ኮቴው በሁለተኛው ሾት መጨረሻ ላይ፣ ጥላው ከመታየቱ 2 ሰከንድ ቀድሞ ቢሰማ፣ ጥላው ሲመጣ ተጠብቆ የመጣ ይሆናል፤ ኮቴው ጥላው ካለፈ በኋላ በእጁ ሾት ላይ እየራቀ ቢቀጥል ደግሞ እጁ እያዳመጠ ያለ ይመስላል። እጁ ሳይንቀሳቀስ ይህን ሁሉ ስሜት የሚሸከመው በድምፁ ነው። ድምፁን አቀናብረው ሲጨርሱ ዓይንዎን ጨፍነው ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ያዳምጡ፤ በጆሮ ብቻ የሚሰለች ክፍል በዓይንም ይሰለቻል።

8. ቃል ካስፈለገ

ግጥም በድምፅ ማንበብ ወይም በጽሑፍ ማሳየት ግዴታ አይደለም። ከተፈለገ ግን ምስሉ ያሳየውን ቃሉ አይድገመው። ጫማው እየታየ «ጫማህ በበሩ ሥር ነው» ማለት ሁለቱንም ያደክማል፤ «ዛሬ ብርድ ነው» የሚል ድምፅ ግን በምስሉና በቃሉ መካከል ተመልካቹ የሚሞላው ቦታ ይከፍታል። ንባቡ ከፊልሙ አንድ ሦስተኛ በላይ እንዳይወስድ እመክራለሁ። ለማንበብ ልብስ በተሰቀለበት ቁም ሣጥን ፊት ለፊት ወይም በብርድ ልብስ ሥር ሆነው ይቅዱ፤ ጨርቅ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። የመድረክ አነባበብ ለዚህ አይስማማም፤ አጠገብዎ ለተቀመጠ አንድ ሰው እንደሚናገሩ ያንብቡ። በጽሑፍ የሚቀርብ ስንኝ ሲሆን በቀስታ ሁለት ጊዜ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ይስጡት።

9. ሙዚቃና ፈቃድ

ሙዚቃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይጠቀሙ። ድርሰቱ ከቅጂ መብት ጥበቃ ዘመን ያለፈ ቢሆንም እንኳ የተጫወተውና የቀረጸው አካል በቅጂው ላይ የራሱ መብት ሊኖረው እንደሚችል ልብ ይበሉ። ፊታቸው ወይም ድምፃቸው የሚለይ ሰዎችን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ለሕፃናት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል።

10. ፋይሉን ማውጣት

በተቀረጸበት የፍሬም ፍጥነት፣ በኤምፒ4 ዓይነት፣ በኤች.264 ኮዴክ (የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ)፣ በ1920 በ1080 መጠን ያውጡት፤ ቁም ፍሬም ከሆነ 1080 በ1920 ይሆናል። ቢትሬቱ (ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመደበው የመረጃ መጠን) በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ሜጋቢት ቢሆን የአንድ ደቂቃ ፊልም ከ75 እስከ 150 ሜጋባይት ይይዛል። የመልእክት መተግበሪያዎች ቪዲዮን ስለሚጨምቁ፣ ጨለማ ያለባቸው ሾቶች ተሰባብረው ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ለሰው ሲልኩት እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ሰነድ አድርገው ይላኩት። ከመልቀቅዎ በፊት በስልኩ ድምፅ ማጉያ፣ በኢርፎንና በአንድ ሌላ ስክሪን ላይ ይፈትሹት፤ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ኮቴው ካልተሰማ መጠኑን ከፍ አድርገው እንደገና ያውጡት። ያልተቆረጡትን ሾቶችና የድምፅ ቅጂዎች ደግሞ ከስልኩ ውጭ በሌላ ማከማቻ ያስቀምጡ፤ በዚህ ፊልም ቦታ ያላገኘ የ30 ሰከንድ ሾት ለሚቀጥለው መነሻ ሊሆን ይችላል።